የታዘብ አራት ሌሊቶች፦ ለወሎ የእንስሳት ሐኪሞችና ጽሕፈት ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ወሎ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣
ለከተማና ለወረዳ አስተዳደሮች፣
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራንና ተማሪዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ውሻ አሟሟት ነው። ገና ከመጀመሪያው መስመር ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ አልቀየምም። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰኝ «ሰውዬው ሥራ ፈትቷል» ብዬ አልፈው ነበር። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ውሻዬ ታዘብ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። በ2004 ዓ.ም. ከጎረቤት ጋር በአጥር ነገር ተኳርፋ ስለነበር የሆዷን በውሻው ስም ተናገረችው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «ታዘብ! ና ታዘብ!» ስትል ለማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤታችን ሐጂም ያውቁ ነበር። በኋላ ታረቁ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ወጣን። ልጅና አሮጊት ይዞ የሚሮጥ ሰው ውሻ አይጨምርም። ሰንሰለቱን ፈታሁለት፣ በቃ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ የእናቴ የብረት ድስት ሳይቀር ተወስዷል። ታዘብ ግን ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ጎድኑ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። እናቴ አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም «ውሻው» ሲለው አልወደደችም።

እንግዲህ ጥር 2017 ላይ 13 ዓመት ሞላው። ለውሻ ይህ የጎልማሳ ሳይሆን የሽማግሌ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ደረጃውን መውጣት ተወ። ቀጥሎ እንግዳ ሲመጣ ተኝቶ መጮህ ጀመረ። ከዚያ የኋላ እግሩ ጭራሽ ከዳው። ዳሌው ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። አንዱን ቦታ ብቻ ይልሳል፣ ሳይሮጥ ያለከልካል። የሕመም ምልክት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። «አርጅቶ ነው» አልን። ውሻ እንደ ሰው «አመመኝ» ብሎ አያቃስትም። ድመት ደግሞ ጭራሽ አልጋ ሥር ገብታ ትደበቃለች።

ጥፋቴን ልናገር። ፋርማሲ ሄጄ እናቴ ለወገቧ የምትወስደውን ዲክሎፌናክ ገዛሁ። ግማሹን ክኒን በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በማግስቱ ግማሹን ደገምኩ። በሦስተኛው ቀን የቡና አተላ የመሰለ ነገር አስመለሰው። ያ አተላ የመሰለው ነገር ጨጓራ ውስጥ የቆየ ደም ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ለድመት አንድ ክኒንም ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ጎረቤት ሲመክረኝ፣ ባለፋርማሲው ሲሸጥልኝ፣ እኔ ስሰጠው ማናችንም ክፉ አላሰብንም። የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰው ለማስወቀስ አልተነሳሁም። «ወሰድኩት» ማለት ግን ቀላል ነው። ታዘብ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በማዳበሪያ አጋድመን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በሁለት በኩል ይዘን ዳገቱን ወጣን። ሁለት ባጃጅ ውሻ አልጭንም አለን። ሦስተኛው እጥፍ ጠይቆ ጫነን። የደሴን መንገድ ታውቁታላችሁ። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ታዘብ ይጮህ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሕመም ሲያስጮኸው ሰምቼ አላውቅም።

ክሊኒኩ በር ላይ ከእኔ ቀድመው አንዲት እናት በግ ይዘው ቆመዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ጥጃ የሚጎትት ልጅ አለ፣ ከልጁ ቀጥሎ አንዲት በቅሎ። ተራዬ ሲደርስ ባለሙያው ማዳበሪያውን ገለጥ አድርጎ አየና፦

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«13።»

«ታዲያ ዕድሜውን ጠግቧል እኮ ጋሼ። ምን አደከመህ?»

«ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር እንድትሰጠኝ ነው። ካልሆነም እንዳይሰቃይ በመርፌ አሳርፉልኝ።»

ግራ ገባው። ክፉ ልጅ አይደለም። የመድኃኒት መደርደሪያውን አሳየኝ፤ የትል መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ የበግና የከብት ክትባት። ለውሻ ማስታገሻ የለም። ለማሳረፊያ የሚሆን መድኃኒት የለም። «ገደል አለ፣ ጅብ አለ» ያለኝ እዚያው የቆመው ባለበቅሎ ነው። ባለሙያው ግን አልሳቀም። ዓይኑን ሰበረና «የለንም ጋሼ» አለኝ። በዚያው ማዳበሪያ ተሸክመነው ተመለስን።

አራት ሌሊት ቆየ። የጥር ብርድ ነው፣ ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እናቴ የራሷን ጋቢ አለበሰችው። በተኛበት ስለሚሸና ጎኑ መላላጥ ጀመረ። በሁለተኛው ምሽት ሐጂ ከአጥሩ ማዶ «እንዴት ዋለ?» አሉ። ነገርኳቸው። ጥቂት ቆይተው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደረቅ የጤፍ ጭድ በአጥሩ ላይ አሻገሩልኝ። ውሻ አይነኩም፣ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ደግመው መታጠብ አለባቸው። ግን በየምሽቱ ጭዱን ቀየሩለት። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰውና ያገኘውን ምሕረት የነገሩኝ በዚያ ሰሞን ነው። በዚያው ስም ምክንያት ስንት ጊዜ የተቀየሙ ሰው ናቸው!

የሰፈር ልጆች መፍትሔ ያሉትን ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ መርዝ በሥጋ አድርገን እንገላግልህ?» በብዙ ከተማ ለባዘነ ውሻ ሲበተን የኖረውን ስትሪክኒን ማለታቸው ነው። ስትሪክኒን እንቅልፍ አይሰጥም። ጡንቻ ሁሉ እንደ ገመድ ይወጠራል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ይለመጣል፣ መተንፈሻው ይቆለፋል። እንስሳው እስከ መጨረሻው ራሱን ያውቃል። ልጅ ሆኜ አንዱን አይቻለሁ። መለስኳቸው።

በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሞተ። ጓሮ ቆፍረን ቀበርነው።

በአማርኛችን ክፉ አሟሟት ሲባል «የውሻ ሞት» ነው። ውሻን እንዲህ እንዲሞት የምናደርገው እኛው ሆነን ስሙን ለእሱ ሰጠነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ሁለቱም ቋንቋችን ውስጥ ስማቸው አለ። አንዱ ማስታመም ነው፣ ሌላው ማሳረፍ።

ማስታመም የምለው መዳን የሌለውን እንስሳ እስከ መጨረሻው ሳይሰቃይ ማቆየትን ነው። ውድ ነገር አይደለም። ከሁሉ በፊት ሕመሙን መቀነስ አለ። ለውሻ ከሚሰጡት ማስታገሻዎች አንዱ ሜሎክሲካም ነው። መጠኑ በክብደቱ ተሰልቶ፣ ኩላሊቱ ታይቶ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው። የቀረውን ባለቤቱ ያደርገዋል፣ የሚነግረው ካገኘ። መነሳት ያቃተውን ውሻ በየጥቂት ሰዓቱ በሌላ ጎኑ ማገላበጥ፣ ሽንቱ እንዳያላልጠው ማጠብና ማድረቅ፣ ከወለል የሚለየው ጭድ ወይም ጀንዲ ማንጠፍ፣ ውሃውን አፉ ሥር ማስጠጋት። ምግቡንም ለብ ማድረግ፤ ሽታው ያነሳሳዋል። ወጥ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። እኛ ቤት 13 ዓመት የዶሮ ወጥ ትራፊ የበላ ውሻ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች አልጽፈውም።

ማሳረፍ የሚመጣው ማስታመም አልበቃ ሲል ነው። መቼ ነው የማይበቃው? ይህ ጥያቄ ባለቤቱን ያሳብዳል። ዛሬ ጭራውን ቆላ፣ ነገ ይሻለው ይሆናል ትላለህ። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ለዚህ የምትረዳ መለኪያ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አውጥታለች። ሰባት ነገር ትጠይቃለች፦ ሕመሙ፣ መብላቱ፣ መጠጣቱ፣ ንጽሕናው፣ ደስታው፣ መንቀሳቀሱ፣ ደህናው ቀን ከክፉው ቀን ይበልጥ እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ከ0 (በጣም መጥፎ) እስከ 10 (በጣም ጥሩ) ትሰጣለህ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙ ይቀጥላል። እኔ ያገኘኋት ዘግይቼ ነው። የታዘብን የመጨረሻ ሳምንት ቁጭ ብዬ ሞላሁት። 11 መጣ። ከ11ዱ አምስቱ ለደስታው የሰጠሁት ነው፣ እናቴ ስትገባ ጆሮውን ያነሳ ስለነበር።

የማሳረፉን አሠራር ሐኪሞቹ ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ለአስተዳዳሪዎቹና እንደ እኔ ላለው ባለቤት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። እንስሳው በራሱ ምንጣፍ ላይ፣ በሚያውቀው ሽታ መሐል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያንቀላፋል። ከዚያ የፊት እግሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ተላጭቶ በደም ሥሩ ሁለተኛው መርፌ ይገባል። በብዙ አገር ይህ ፔንቶባርቢታል የሚባል መድኃኒት ነው። በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ያስታል፣ ቀጥሎ ትንፋሽን፣ ቀጥሎ ልብን ያቆማል። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ያረጋግጣል። ዓይኑ አይከደንም፣ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል፣ ከሞተም በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ አየር የሚስብ ሊመስል ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ባለቤት «ገና አልሞተም!» ብሎ ይደነግጣል። አስቀድሞ መናገር የሕክምናው አካል ነው።

ይህ ሁሉ ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ቢሆን እላለሁ። «ለምን ቤት ድረስ?» የሚል ይኖራል። ያን የባጃጅ ጉዞ ነግሬያችኋለሁ። ዳሌው የተጎዳ እንስሳ በባጃጅ አይጫንም። የክሊኒክ ሽታ፣ የበግ ጩኸት፣ የማያውቀው ሰው እጅ ሲደመርበት መጨረሻው ፍርሃት ይሆናል። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ሞተር ብስክሌት ያለው ሐኪም ወጥቶ ቢዞር ይበቃል። ነፃ ይሁን አላልኩም። እኔ ለዚያ ጉዞ የከፈልኩትን እጥፍ ለሐኪሙ በደስታ እሰጥ ነበር።

መድኃኒቱ እንደ ልብ እንደማይገኝ ይገባኛል። ፔንቶባርቢታል በ1971ዱ የአእምሮ ላይ ተፅዕኖ ያላቸው መድኃኒቶች ስምምነት መሠረት በዓለም ዙሪያ ቁጥጥር ያለበት ነው፤ መሆንም አለበት። መዝገብ ይያዝ፣ ቁልፍ ይኑር፣ ከሐኪም እጅ አይውጣ። እሱ በሌለበት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከደነዘዘ በኋላ ብቻ የሚሰጡ ሌሎች መንገዶች በሙያችሁ የታወቁ ናቸው። የኔ ጥያቄ «የለንም» የሚለው መልስ ላይ እንዳንቆም ነው። በግዥ ዝርዝራችሁ ውስጥ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ አንዱ ለማስታገሻ፣ ሌላው ለማሳረፊያ።

ሐኪሙ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄም አለ፦ «ባለፉት 10 ቀናት ሰው ነክሷል?» ነክሶ ከሆነ፣ ወይም ጠባዩ ተለውጦ የእብድ ውሻ በሽታ ካጠራጠረ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በፍጥነት ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ውሻውም ለምርመራ መቅረብ አለበት። አያችሁ፣ አንድ አሮጌ ውሻ ለማሳረፍ የገባ ሐኪም የዚያን ሰፈር ውሾች ሁሉ ያያል። ማን እንደተከተበ፣ ማን እንዳልተከተበ ያውቃል። ክትባቱ ለእኛ ብቻም አይደለም። በቦረና ሳይንት፣ በደላንታና በአቡነ ዮሴፍ ከፍታ ላይ የቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ይህንኑ በሽታ የሚያገኙት ከእኛ ውሾች ነው።

የሬሳው ነገር እንዳይረሳ። በፔንቶባርቢታል ያረፈ እንስሳ ሥጋው መርዝ ነው። ሜዳ ላይ ቢጣል የበላው ጅብ፣ ውሻ፣ ጥንብ አንሳ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ በጥልቅ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ግቢ ለሌለው ሰው ማዘጋጃ ቤት ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ቦታ ቢያዘጋጅ ምንኛ ደግ ነበር። አሁን የሚጣለው የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንዙም ያውቃል።

ስለ ውሻ ብቻ ያወራሁ እንዳይመስላችሁ። በኮምቦልቻ መንገድ ዳር እግሩ የተሰበረ የጋሪ ፈረስ አይቼ አውቃለሁ። ባለጋሪው ጋሪውን ፈትቶ ሄዷል። ፈረሱ በሦስት እግሩ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ሳልፍም ቆሟል። በሦስተኛው ቀን የለም። አህያማ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ተብሎ ተተርቶባታል። 20 ዓመት እህልና ውሃ ተሸክማ፣ ጀርባዋ ቆስሎ መጫን ሲያቅታት ገመዷ ተፈትቶ ወደ ገደሉ ትነዳለች። ባለቤቷ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። አርዶ አይበላትም፣ መግደል ይከብደዋል፣ የሚጠራው ሐኪም የለውም። ለጅብ መተው እጁን ንጹሕ ያደረገ ይመስለዋል።

የፈጣሪን ሥራ መቀማት ነው የሚሉ አሉ። ስለ ሰው አላወራሁም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐጂን ጠይቄአቸው ነበር። ለፍርድ አልቸኮሉም። «ስናርድ እንኳ ቢላው ይሳል፣ እንስሳው አይሰቃይ ተብለናል» ብለው ዝም አሉ። የኛ ቄስ ደግሞ «ነገሩ ሐኪሙ ካለ ነው እንጂ» አሉ። ከሁለቱም ያገኘሁት ይህን ነው፣ አልጨመርኩበትም።

«ሰው ማስታገሻ ባጣበት አገር» የሚለውን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። በጦርነቱ የተዘረፈውን የጤና ተቋም ሁሉ አይቻለሁ። ሆስፒታል ተኝታ መርፌ ያጣች ዘመድ አለችኝ። ግን የሜሎክሲካሙ ብልቃጥ ከእሷ አልጋ ላይ አይወሰድም፤ የከብት ክትባት ከሚመጣበት መኪና ላይ ነው የሚጫነው። የሠለጠነ ሰውም እዚሁ ደሴ ተምሮ ይመረቃል። ተማሪዎቻችሁ ትምህርት ቤት ያዩትን ክሊኒክ ውስጥ እንዲያደርጉት መንገድ ክፈቱላቸው። ያ «የለንም ጋሼ» ያለኝ ልጅ ቢኖረው ኖሮ የሚያደርገው ይመስለኛል። ዓይኑን አይቻለሁ።

ሐጂ አንዲት ያረጀች አህያ አለቻቸው። ስንት ዓመት ሰኞ ገበያ የተመላለሰች ናት። ጥርሷ አልቋል፣ ድርቆሽ አኝካ ትተፋለች። ይህን ክረምት አትሻገርም ይላሉ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆሙና «ያ ቤት ድረስ የሚመጣው ሐኪም ስልኩ ተገኘ?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው።

ቁጥሩን እየጠበቅን ነው።

አክባሪያችሁ፣
የታዘብ ባለቤት
ደሴ